«አይ ዎዝ ዌንት»፦ አንድ የምሥራቅ ጎጃም አምስተኛ ክፍል ከእንግሊዝኛ ቴንስ ጋር

ፈተናው ላይ ልጆቹ ደህና ነበሩ። መምህርቷ «ጎ» ብላ የሰጠችውን «ዌንት»፣ «ኢት» ያለችውን «ኤት»፣ «ባይ» ያለችውን «ቦውት» እያሉ ባዶ ቦታውን ሞልተዋል። በሳምንቱ «ቅዳሜ ምን ሠራችሁ? በእንግሊዝኛ ሁለት ሦስት መስመር ጻፉልኝ» አለቻቸው። ደብተሮቹ ተሰብስበው ሲታዩ ግን ነገሩ ሌላ ሆነ። «አይ ዎዝ ዌንት ቱ ማርኬት።» «ማይ ማዘር ዎዝ ቦውት ሶልት።» «ዊ ዎዝ ኬም ሆም።» ከገጽ ገጽ ይኸው ነው።

የግሶቹን ሰንጠረዥ በቃሉ የያዘ ልጅ የራሱን ዓረፍተ ነገር ሲጽፍ ለምን እንዲህ ይሆናል? በዚህ ጥያቄ ላይ ሙሉ ሴሚስተር ተወያይተናል። እኔ በዚያው ትምህርት ቤት የላይኛውን ክፍል እንግሊዝኛ አስተምራለሁ። በተከታታይ ሙያ ማሻሻያ ውይይታችን ላይ እሷ የክፍሏን ችግር አነሳች። እኔም ክፍት ክፍለ ጊዜ ሲኖረኝ ኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ ማየትና ስህተቶቹን መልቀም ያዝኩ። እዚህ የምጽፈው ያየነውንና የተሞከረውን ነው። የማንንም ስም አልጠቅስም።

ክፍሉ

ትምህርት ቤቱ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ፣ ከሉማሜ ብዙም ሳይርቅ ይገኛል። አምስተኛ ክፍሉ ከ60 በላይ ልጆች አሉት። በአንድ ዴስክ ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። ገሚሱ የከተማ ልጅ ነው፤ ገሚሱ ከገጠር ቀበሌ በእግሩ የሚመጣ። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጤፉ ሲታጨድ የገጠሮቹ ወንበር ይሳሳል።

እነዚህ ልጆች ከክፍል ውጭ እንግሊዝኛ የሚሰሙበት ቦታ የለም ማለት ይቻላል። ቤት አማርኛ ነው፣ ገበያ አማርኛ ነው፣ ሒሳቡም ሳይንሱም በአማርኛ ነው። በ1986 ዓ.ም የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ እንግሊዝኛ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ እንደ አንድ ትምህርት እንዲሰጥ፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደግሞ የማስተማሪያ ቋንቋ እንዲሆን ወስኗል። ስለዚህ አሁን አምስተኛ ክፍል ያለው ልጅ ዘጠነኛ ሲገባ ባዮሎጂውንም ታሪኩንም በእንግሊዝኛ ሊማር ነው። «ዎዝ ዌንት» እያለ እዚያ ቢደርስ የሚጎዳው የእንግሊዝኛ ውጤቱ ብቻ አይደለም። ይህ ያሳስበኛል።

ግድግዳው ላይ እንደ ብዙ ክፍሎች ሁሉ የ12 ቴንሶች ሰንጠረዥ ተለጥፏል። እዚህ ላይ አቋሜን ልናገር። እንግሊዝኛ የግሱን የራሱን ቅርጽ የሚለውጠው ለሁለት ጊዜ ብቻ ነው፤ ለአሁንና ላለፈ። የቀረው ሁሉ «ዊል»፣ «ሃቭ»፣ «ቢ» በሚሉ ረዳት ግሶች የሚገነባ ነው። የአሥርና የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ ፊት አሥራ ሁለቱን በአንዴ መዘርጋት ልጁን ማስፈራራት ነው። መምህርቷም በዚህ ተስማማች። ሰንጠረዡ ወረደ። ለዓመቱ አራት ነገር ብቻ ተያዘ፦ ዘወትር የሚሆነው፣ አሁን እየሆነ ያለው፣ ትናንት የሆነው፣ ነገ የሚሆነው።

ስህተቶቹ ሲለቀሙ

ቀይ እስክሪብቶውን ለጊዜው አስቀመጥነው። ከእያንዳንዱ የተሳሳተ ዓረፍተ ነገር ጎን «ልጁ በአማርኛ ምን ሊል ፈልጎ ነው?» እያልን አማርኛውን ጻፍን። ነገሩ የተገለጠው ያኔ ነው። ልጆቹ የዘፈቀደ ስህተት አልነበረም የሚሠሩት። አማርኛቸውን በታማኝነት እየተረጎሙ ነበር።

«ዎዝ ዌንት»ን እንይ። ልጁ በልቡ ያለው «ገበያ ሄጄ ነበር» ነው። ቤት ሲጠየቅ የሚመልሰው እንዲህ ነው። «ሄጄ» የሚለውን ዌንት አደረገው፣ «ነበር» የሚለውን ዎዝ አደረገው። «ነበር ማለት ዎዝ ነው» ብሎ ያስተማረው ደግሞ ክፍሉ ራሱ ነው። ከልጁ ምን ጎደለ? ምንም።

ሁለተኛው የበለጠ አስገረመን። መምህርቷ ሰሌዳው ላይ ሥዕል ሣለች። አንድ ልጅ ይሮጣል። እረኛ ዛፍ ሥር ተኝቷል። ሴትዮ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። «አሁን ምን እያደረጉ ነው?» ስትል ስለሯጩ ልጅ ሁሉም በአንድ ድምፅ «ዘ ቦይ ኢዝ ራኒንግ» አሉ። ልክ ነው። እረኛው ላይ ሲደርሱ ግን «ሂ ስሌፕት» ሆነ። ሴትዮዋ ላይ «ሺ ሳት» አሉ። ያው ክፍለ ጊዜ፣ ያው ትምህርት፣ ያው ልጅ። ለምን?

አማርኛ ለሯጩ «እየሮጠ ነው» ይላል። ለእረኛው ግን «እየተኛ ነው» አይልም። እንዲያ ካለ ገና ሊተኛ እየተመቻቸ ነው ማለት ይሆናል። ለእረኛው «ተኝቷል» ነው የሚባለው። ሴትዮዋም «ተቀምጣለች»። መቆም፣ መልበስ፣ መያዝ፣ መሸከም ሁሉም እንዲሁ ናቸው። ቆሟል፣ ለብሷል፣ ይዟል፣ ተሸክሟል። አማርኛ ድርጊቱ አልቆ ሁኔታው እንደቀጠለ አድርጎ ነው የሚያየው። ለልጁ ጆሮ ይህ ያለፈ ነገር ነው። ስለዚህ ያለፈውን ቅርጽ ሰጠው። እንግሊዝኛ ግን እረኛውንም ሯጩንም እኩል «አሁን» ይላቸዋል፤ «ሂ ኢዝ ስሊፒንግ»፣ «ሂ ኢዝ ራኒንግ»። እኔ በግሌ ስንት ዓመት ሳስተምር ይህን ልዩነት ለልጆች በግልጽ የሚነግር የመማሪያ መጽሐፍ አላጋጠመኝም።

«መጣሁ»ም የዚሁ ዘመድ ነው። በጨዋታ ላይ መምህርቷ ደጅ የቆመ ልጅ በስሙ ስትጠራ ገና እግሩን ሳያነሳ «አይ ኬም፣ ቲቸር!» ይላል። እናቱ ከጓዳ ስትጠራው «መጣሁ!» አይደል የሚላት።

ሌሎቹ ይታወቃሉ፤ ቶሎ ልለፋቸው። «ነገ እሄዳለሁ» እና «ዘወትር እሄዳለሁ» በአማርኛ አንድ ቅርጽ ናቸው፤ ስለዚህ «ቱሞሮው አይ ጎ» ይመጣል። «ትናንት ሄድክ?» ሲባል በአማርኛ ግሱ አይነካም፣ ድምፅ ብቻ ይነሳል፤ ስለዚህ ዌንትን ሳይነኩ ከፊቱ ዲድን ጨምረው «ዲድ ዩ ዌንት?» ይላሉ። «ሺ ጎ» የሚለው ላይ ደግሞ የጠፋችው «ኤስ» አለች። ወደ እሷ እመለሳለሁ።

አማርኛው በግልጽ ሲገባ

በብዙ ትምህርት ቤት በእንግሊዝኛ ክፍለ ጊዜ አማርኛ መናገር እንደ ጥፋት ይታያል። ሐሳቡ ይገባኛል። እንግሊዝኛ የሚሰሙበት ሰዓት ይኸው ብቻ ስለሆነ እንዳይባክን ነው። ነገር ግን አማርኛው በአፍ ቢከለከልም በልብ አይከለከልም። ልጁ ዞሮ ዞሮ ከእሱ ነው የሚተረጉመው። መምህርቷ ይህን ከመደበቅ ይልቅ ወደ ሰሌዳ አመጣችው።

ከግድግዳ ግድግዳ ሲባጎ ወጠረች። በግራ «ትናንት»፣ መሐል «አሁን»፣ በቀኝ «ነገ» የሚሉ ካርቶኖች አንጠለጠለች። «ዘወትር» የሚለውን አንድ ቦታ አላሰረችውም። በሲባጎው ሙሉ የሚንሸራተት አደረገችው። ከዚያ አማርኛ ዓረፍተ ነገር ትናገራለች፤ አንድ ልጅ ተነስቶ ነገሩ የሚሆንበት ቦታ ላይ ይቆማል። «እረኛው ተኝቷል» ስትል ልጁ መጀመሪያ «ትናንት» ሥር ሄደ። «አሁን ብንቀሰቅሰው ይነሳል?» አለችው። «ይነሳል።» «እንግዲያ የት ነው ያለው?» ልጁ ወደ መሐል መጣ። እንግሊዝኛው የሚነገረው ቦታው ከተገኘ በኋላ ነው።

ይህ ጥያቄ ራሱ የክፍሉ መፍትሔ ሆነ። ተቀምጧል? አሁን ብትጠራው ከመቀመጫው ይነሳል? እንግዲያው አሁን ነው፤ «ሂ ኢዝ ሲቲንግ»። ለብሷል? አሁን ልብሱ ላዩ ላይ አለ? አሁን ነው።

ለ«ነበር» የተገኘችው መንገድ አጭር ናት። ከ«ነበር» በፊት ሌላ ግስ አለ ወይ? «ቤት ነበርኩ» ውስጥ የለም፤ ዎዝ ይግባ። ግስ ካለ ደግሞ «እየ» አለው ወይ? «እየሄድኩ ነበር» ካለ ዎዝ ይቀራል፣ «አይ ዎዝ ጎይንግ» ይሆናል። «ሄጄ ነበር» ውስጥ «እየ» የለም፤ ዎዝ ይውጣ። ልጆቹ ይህን ሲያገኙ እርስ በርስ መተራረም ጀመሩ። አንዱ «ዎዝ ኤት» ሲል ጎረቤቱ «እየ አለው?» ይለዋል። አንድ ለአምስት ተደራጅተው ሲሠሩ ከመምህርቷ ይልቅ ይህቺ ጥያቄ ብዙ አረመች።

ዲድን በተመለከተ የነገረቻቸው ይህን ነው። ያለፈ ጊዜ አንድ ሸክም ነው። ዲድ ከተሸከመው ግሱ ባዶ እጁን ይሄዳል፤ «ዲድ ዩ ጎ?»።

«ዘወትር» ላይ ያልጠበቅነው እንቅፋት ገጠመን። ማለዳ ስለሚሠሩት ሥራ «አይ ጌት አፕ አት ሲክስ ኦክሎክ» የሚል ምንባብ ነበር። አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። «ቲቸር፣ ይሄ ልጅ ታሟል?» መምህርቷ አልገባትም። ልጅቷ ቀጠለች፤ «እስከ ስድስት ሰዓት የሚተኛው?» በእኛ ሰዓት ስድስት ቀትር ነው። ከብቶቹ ከወጡ ስንት ሰዓት ሆኗቸዋል! ልጆቹ ቴንሱን ሳይሆን ታሪኩን ነበር ያልተረዱት። ከዚያ ወዲህ ሰዓት ያለበት ዓረፍተ ነገር ሁሉ በፀሐይ ሥዕል ታጀበ። መጀመሪያ ፀሐይዋ የት እንዳለች ይታያል፤ ቁጥሩ ከዚያ ይከተላል።

ከቅኔ ቤት የመጣው ልጅ

ኋላ ወንበር ላይ ከሌሎቹ በዕድሜ ከፍ የሚል ልጅ አለ። ቅኔ ቤት ቆይቶ ነው ወደ አስኳላ የገባው። ጎጃም ውስጥ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። ዲማም፣ ደብረ ኤልያስም፣ ዋሸራም የቅኔ አገር ናቸው። ልጁ ብዙ አይናገርም። አንድ ቀን መምህርቷ «ጎ፣ ዌንት» ብላ ስትጽፍ «ቲቸር፣ ዌንት ኀላፊው ነው?» አላት።

«ኀላፊ ስትል?»

«ቀተለ ኀላፊ፣ ይቀትል ትንቢት፣ ይቅትል ዘንድ፣ ይቅትል ትእዛዝ» አለና በግእዝ ዘረገፈው። ኀላፊ ያለፈው ነው፤ ትንቢት ደግሞ ለአሁኑም ለወደፊቱም የሚሆነው ቅርጽ። ክፍሉ ጸጥ ብሎ ሰማው። ከዚያ «የጎ ትንቢቱስ የቱ ነው?» ሲል ጠየቀ። መምህርቷ «ጎ» እና «ዊል ጎ» ሁለቱንም ጻፈችለት። ጥቂት ካሰበ በኋላ «በግእዝ አንድ ነው፤ እዚህ ለሁለት ተከፍሏል» አለ። ሌሎቹ ልጆች ለሳምንታት የታገሉበትን እሱ ከዚያው ከወንበሩ ሳይነሳ አየው።

ከክፍል በኋላ ቅኔ ቤት ግስ እንዴት እንደሚማሩ ጠየቅነው። ግሱን በቃል ይይዛሉ። ግን እዚያ አያቆምም። ተማሪው ብቻውን ገለል ብሎ ቅኔ ይቆጥራል፤ የራሱን ቅኔ ያዘጋጃል ማለት ነው። መነሻው ሁለት ቤት ያላት ጉባኤ ቃና ናት። ከዚያ ለየኔታ ይነግራል፤ የኔታ ያቃኑለታል። የያዘውን ግስ በራሱ ሐሳብ ላይ ያውለዋል ማለት ነው።

ይህን ስሰማ ብዙ ነገር ተቃናልኝ። በቃል መያዝ ኋላ ቀር ነው እየተባለ ሥልጠና ላይ ስንት ጊዜ ተወቅሷል። የቅኔ ቤቱ ሥርዓት ግን በቃል መያዝንም ይጠይቃል፣ ከዚያም ፍጠር ይላል። የእኛ ክፍል «ጎ ዌንት ጎን» የሚለውን ዜማ ወስዶ ቆጠራውን ትቶት ነበር። ጉድለቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

መምህርቷ ወዲያው ሥራ ላይ አዋለችው። ጠዋት የሦስት ወይም የአራት ግስ ቅርጽ በዜማ ይባላል። የቤት ሥራው ከእነዚያ በአንዱ ሁለት መስመር መሥራት ነው። ነገሩ ግን እውነት መሆን አለበት። ትናንት ያልቀዳኸውን ውሃ ቀዳሁ አትልም። በማግስቱ ጥቂት ልጆች ቆመው ይናገራሉ፣ ሌሎቹ ለአጠገባቸው ይነግራሉ። እርማት የሚደረገው የሳምንቱ ቴንስ ላይ ብቻ ነው። ሌላው ስህተት ቢኖርም ይታለፋል። 60 ልጅ ባለበት ክፍል ሁሉንም ላርም ማለት ማንንም አለማረም ነው።

ዜማው ለድምፅም ጠቀመ። መደበኛ ግሶች ላይ የምትጨመረው «ኢዲ» በሦስት ዓይነት ነው የምትነበበው። «ዋሽት» ላይ ት፣ «ፕሌይድ» ላይ ድ፣ «ዋንትድ» ላይ እድ ትሆናለች። ልጆቹ ሁሉንም «ዋሺድ፣ ፕሌዪድ» እያሉ ያነቡ ነበር። ሕጉን ከማብራራት በሦስት ምድብ ከፍሎ ማስባል ቀለለ።

ያስቸገረው

ፖርሽን፣ ማለትም ለዓመቱ የተመደበው ትምህርት፣ መሸፈን አለበት። ይህን ማንም መምህር ያውቀዋል። ሲባጎው፣ ቆጠራው፣ ነገራው ጊዜ ይበላል። መምህርቷ በመጽሐፉ ከሌሎቹ ክፍሎች ወደ ኋላ ቀረች። ጥያቄም ተነሳባት። መልሷ ምንባቦቹን ለቆጠራው መነሻ ማድረግ ሆነ። ለብቻቸው የቀረቡትን የሰዋስው መልመጃዎች አብዛኞቹን ዘለለቻቸው። እኔ በዚህ እደግፋታለሁ። መልመጃው የሚለካው ልጆቹ ቀድሞውንም የሚችሉትን ነገር ነበርና።

ወላጆችም ነበሩ። አንድ አባት ገበያ ላይ አገኟት።

«መምህርት፣ የልጄ ደብተር ባዶ ነው። አምና ገጹን ሞልቶ ነበር የሚመጣው። ምነው አያስጽፏቸውም?»

«ጋሼ፣ ማታ ሲገባ ቀን የሠራውን በእንግሊዝኛ እንዲነግርዎት ያድርጉት።»

«እኔ እንግሊዝኛ አልሰማ። ልክ ይበል አይበል በምን አውቃለሁ?»

«ሳይደናቀፍ ከነገረዎት ይበቃል። ልክነቱን እኔ አየዋለሁ።»

ሰውየው በሌላ ቅዳሜ ተመልሰው መጡ። ልጁ ራት ላይ እንደሚናገር፣ ታናሽ እህቱም እየሰማች መቀባጠር እንደጀመረች ነገሯት።

አጨዳው ግን ከፖርሽኑም ከወላጅም የባሰ ችግር ነው። ኅዳር ላይ የቀሩት ልጆች ሲመለሱ ክፍሉ ከ«አሁን» ወጥቶ «ትናንት» ላይ ደርሷል። በማጠናከሪያ ትምህርት ለብቻ ይዛቸዋለች። ሆኖም እኩል አልደረሱም። እነዚህ ልጆች የሚናገሩት ነገር ያጡ አልነበሩም። አጭደዋል፣ ወቅተዋል፣ ከብት ጠብቀዋል። ከሁሉም የበለጠ ታሪክ ያላቸው እነሱ ነበሩ። ያጡት ግሶቹን በየቀኑ የመስማት ዕድል ነው።

በዓመቱ መጨረሻ

«ዎዝ ዌንት» ከልጆቹ ንግግር ሊጠፋ ምንም አልቀረውም። ጽሑፍ ላይ አንዳንዴ ይመለሳል፤ በተለይ ልጁ ሲቸኩል ወይም ታሪኩ ሲረዝምበት። የተኛው እረኛ በሥዕል ሲቀርብ ይስተካከላል። ያለ ሥዕል «አባቴ አሁን ተኝቷል» በሉ ሲባሉ ግን ገና ያመነታሉ። ዲድ ደህና ያዘ።

አዲስ ስህተትም ብቅ አለ። ዌንትን በትክክል ይል የነበረ ልጅ «ጎድ» ማለት ጀመረ። ሌላዋ «ኢትድ» አለች። አንዳንድ ባልደረቦቻችን ይህን እንደ ውድቀት አዩት። እኔ አላየውም። ልጁ «ኢዲ» የሚጨመርበትን ምክንያት ገና አሁን ስለተረዳ በሁሉም ላይ እየሞከረው ነው። እንግሊዝኛ አፍ የፈቱበት ሕፃናትም ይህን መንገድ ያልፉበታል፤ ትክክለኛውን ቅርጽ ደጋግመው ሲሰሙ ይመለሳሉ። እኛም ሳንቆጣ ዌንትን መልሰን እያሰማን አለፍነው።

«ኤስ»ን በተመለከተ ብዙም አልተራመድንም። «ሺ ጎ»፣ «ማይ ፋዘር ዎርክ» እንዳለ አለ። አማርኛ መደቡን ለሁሉም በግሱ ላይ ያሳያል፤ እንግሊዝኛ ለሁሉም ትቶ ለ«እሱ»ና ለ«እሷ» ብቻ፣ ያውም ዘወትር በሚሆነው ላይ ብቻ፣ መጨረሻ ላይ አንዲት ድምፅ ያስቀራል። ሳትባል ብትቀር ትርጉም አይጠፋም። ምናልባት ልጆቹም ለዚህ ይሆናል የማያስተውሏት። መምህርቷ ይህን ለስድስተኛ ክፍል መምህር ስታስረክብ የስህተቶቹን ዝርዝር፣ ከእያንዳንዱ ጎን አማርኛውን፣ «እየ አለው?» እና «አሁን ብትቀሰቅሰው ይነሳል?» የሚሉትን ጥያቄዎች ጽፋ ሰጠች። ሲባጎውም አብሮ ሄዷል።

ለእኔ የቀረኝ «ሃቭ» ነው። አምስተኛ ክፍል ላይ ሆን ተብሎ ተትቷል፤ የላይኛው ክፍል ላይ ግን አይታለፍም። «በልቻለሁ» ሲታይ «አይ ሃቭ ኢትን» ይመስላል፤ ብዙ ጊዜም ይገጥማል። ነገር ግን እኛ «ትናንት ነግሬሃለሁ» እንላለን፣ ምንም ስህተት የለውም። እንግሊዝኛው «የስተርደይ» ካለ «ሃቭ»ን አይቀበልም፤ «አይ ቶልድ ዩ የስተርደይ» ነው የሚለው። እነዚህ ልጆች እኔ ዘንድ ሲደርሱ «አይ ሃቭ ቶልድ ዩ የስተርደይ» ማለታቸው አይቀርም። የሚሉበትን ምክንያት አሁን ስለማውቀው ዓረፍተ ነገሮቹን ከወዲሁ ከአፋቸው እየለቀምኩ ደብተሬ ላይ አሰፍራለሁ።